ዩኮን ስትሄዱ ሰሌዳ ያዙ

ካናዳ ውስጥ ከኤድመንተን ተነስቼ በሰሜን ምዕራብ ጫፍ እስካለው የዩኮን ግዛት ድረስ ልነዳ ነው ስል ጓደኞቼ ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» «ዛፍ» አልኳቸው። አልዋሸሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ዛፍ ነው የምታዩት። ግን በዛፉ መሀል፣ ከሰው ርቆ የከረመ ሰው ብቻ የሚያስባቸው ጉደኛ ነገሮች ቆመዋል። ሁለት ሰመር ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን በችኮላ አበላሸሁት፤ የምመክራችሁም ከዚያ ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ ስም ለዩ። ዳውሰን ክሪክና ዳውሰን ሲቲ ለየቅል ናቸው። ክሪክ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ የአላስካ ሃይዌይ የሚጀምርበት ከተማ ነው። ሲቲ ደግሞ ዩኮን ውስጥ ያለው የወርቅ ቆፋሪዎች ከተማ ነው። በመሀላቸው ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር አለ። እኔ ለባለቤቴ «ዛሬ ማታ ዳውሰን ነን» ብያት የወርቁን ከተማ ስትጠብቅ አመሸች። እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ክሪክ ላይ የዜሮ ማይል ምሰሶው ጋ ፎቶ ተነሱና ቀጥሉ። የምትነዱበትን መንገድ ግን እወቁት። የአሜሪካ ጦር በ1942 በስምንት ወር ገደማ ነው ጫካውን ሰንጥቆ ያወጣው። ከ10,000 በላይ ወታደር ተሰማርቶ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ጥቁር ነበር።

ነዳጅ ላይ አትጫወቱ። የኔ ሕግ ቀላል ነው፤ ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ይሞላል። አንድ ማታ «ቀጣዩ ማደያ ይሻላል» ብዬ አለፍኩ። ቀጣዩ ተዘግቷል። መኪና ውስጥ አደርን፤ ትንኝ እንደ ጉድ በላን። ስልክም ለረጅም ሰዓት አይሠራም፤ ካርታውን ቤታችሁ ሆናችሁ አውርዱት። ትርፍ ጎማውንም ነፋስ እንዳለው ሳታዩ አትውጡ።

ዩኮን ሳትገቡ ሊያርድ ወንዝ ፍልውሃ አለ። ውሃው ከ42 እስከ 52 ዲግሪ ይደርሳል። ጫካ ውስጥ በእንጨት መተላለፊያ ሄዳችሁ ነው የምትደርሱበት። የብር ጌጥ አውልቁ። የአንገት መስቀሌ ጠቁሮ ነው የወጣው። በዚያ አካባቢ የዱር ጎሽ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ክላክስ አታድርጉ፤ ሲበቃው ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው፤ ዋትሰን ሌክ የምትባል የዩኮን ከተማ። እዚያ ያለውን የሰሌዳ ጫካ ይሉታል። ነገሩ የጀመረው በ1942 ነው። ካርል ሊንድሊ የሚባል ወታደር ተጎድቶ ቀላል ሥራ ይሰጠዋል፤ የመንገድ ምልክት መጠገን። አገሩ ናፍቆት ኖሮ የከተማውን የዳንቪል ኢሊኖይን ስም ከነርቀቱ ጽፎ አብሮ ሰቀለ። ሌላው አይቶ የራሱን ሰቀለ። ዛሬ ከ80,000 በላይ ሰሌዳ አለ። የከተማ መግቢያ ምልክት፣ ታርጋ፣ ሳህን፣ የሽንት ቤት መቀመጫ ሳይቀር። እኛ ሁለት ሰዓት ዞርን፣ አላለቀም።

እናንተም መስቀል ትችላላችሁ፤ ነፃ ነው። ግን ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። እኔ መጀመሪያ ሳንቃ ላይ በማርከር «ደብረ ብርሃን» ብዬ ሰቀልኩ። በሁለተኛው ጉዞ ስፈልገው ፀሐይና በረዶ በልቶት፣ ብርሃኑ ጠፍቶ ደብሩ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ በዘይት ቀለም ጻፉ። ቆርቆሮ ከሆነ ይበልጥ ይበረክታል። አራት ማዕዘኑን ቤታችሁ ብሱት። ሚስማርና መዶሻ ያዙ። የሌላ ሰው ሰሌዳ ላይ አትደርቡ፤ ነውር ነው። ፊደላችንን እዚያ ስታዩት ግን፣ እመኑኝ፣ ሆድ ይባባል።

ከዚያ የዩኮን ዋና ከተማ ኋይትሆርስ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ዲሲ ሦስት የሚባል አሮጌ አውሮፕላን ምሰሶ ላይ ተሰክቶ ቆሟል። የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ አድርገውታል። ሚዛኑ ተጠብቆ ስለተሰካ ትንሽ ነፋስ ሲነካው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ እዩት፤ ፊቱን አዙሮ ታገኙታላችሁ።

ጊዜ ካላችሁ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ነድታችሁ ካርክሮስን እዩ። «በረሃ» ይሉታል። ስፋቱ 2.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የድሮ የበረዶ ሐይቅ ደርቆ የተወው አሸዋ ነው። ለአፋር ልጅ በረሃ ነው ብላችሁ እንዳታሳዩት። በረዶ በለበሰ ተራራ ሥር አሸዋ ላይ መንሸራተት ግን ደስ ይላል።

ዳውሰን ሲቲ ላይ ደግሞ የሰው የእግር ጣት አለ። ቀልድ አይደለም። ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ በጨው የደረቀ እውነተኛ ጣት መጠጥ ውስጥ ይጨምሩላችኋል። ልማዱን በ1973 የጀመረው ካፒቴን ዲክ ስቲቨንሰን ነው፤ አሮጌ ጎጆ ውስጥ በጠርሙስ የተቀመጠ ጣት አግኝቶ። ስትጠጡ ከንፈራችሁ ጣቱን መንካት አለበት። ከዋጣችሁት ቅጣቱ 2,500 ዶላር ነው፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ ስለዋጠ ነው የጨመሩት። ሲጠጡ ማየት ብቻ ይበቃል። እኛ የደረስነው ፍልሰታ ላይ ነበር። የሰው ጣት ጾም ነው ፍስክ እያልን ስንከራከር ተራችን አለፈ። እኔ እንኳ በልቤ ተመስገን ብያለሁ።

ከዳውሰን ሲቲ ጀልባ መኪናችሁን ከነሰዉ የዩኮንን ወንዝ በነፃ ያሻግራል። በዚያ መንገድ አላስካ ገብታችሁ ቺክን፣ ማለትም «ዶሮ» የምትባል መንደር ትደርሳላችሁ። ወርቅ ቆፋሪዎቹ የአካባቢውን ወፍ ስም ሊሰጧት አስበው ፊደሉ አላግባባ ስላላቸው ዶሮ ብለዋት ተገላገሉ ይባላል። ትልቅ የዶሮ ሐውልትም አላት። ኬላው ሰመር ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ማታም ይዘጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ካለ የካናዳ መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን አያስገባውም፤ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋል። ይህን ያወቅነው ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ነው። ባለቤቴ ዶሮዋን እስካሁን የምታውቃት በፎቶ ነው።