ትዕዛዙ ለምን አልታገደም? የይግባኝ ባይ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ችግር፦ በክርክር መሃል በተሰጠ ትዕዛዝ ላይ ይግባኝ አቅርበው ትዕዛዙ እንዲታገድ ቢጠይቁም፣ የይግባኝ ችሎቱ የእግድ ጥያቄውን ሳይመረምር መዝገቡን ዘግቶታል።

ምክንያት፦ እግድ በራሱ የሚቆም አቤቱታ አይደለም፤ ይግባኙ ከወደቀ አብሮ ይወድቃል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 320(3) ደግሞ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ መጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት ስለሚነሳ ተቃውሞ)፣ ስለ ማስረጃ ተቀባይነት ወይም በደሃ ደንብ (የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም በማጣት ያለ ክፍያ) ስለ መክሰስና ይህን ስለመሰለ ጉዳይ በመሃል በተሰጠ ትዕዛዝ ላይ ለብቻው ይግባኝ እንደማይባል፣ ቅሬታው ግን በመጨረሻው ፍርድ ላይ ከሚቀርበው ይግባኝ ጋር ሊነሳ እንደሚችል ይደነግጋል።

መፍትሄ፦ ማመልከቻ ከመጻፍዎ በፊት የትዕዛዙን ግልባጭ የመጨረሻ መስመር ያንብቡ። «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚል ከሆነ፣ ጽሑፉ «ብይን» ተብሎ ቢጠራም ክርክሩ አብቅቷልና ይግባኝ ይባልበታል፤ «ምስክር ለመስማት ተቀጥሯል» የሚል ከሆነ ግን ገና መሃል ላይ ነዎት። ለምሳሌ የይርጋ (የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚል) መቃወሚያ ተቀባይነት አግኝቶ ክሱ ውድቅ ሲሆን ከሳሽ ወዲያውኑ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ መቃወሚያው ሲታለፍ ግን ተከሳሽ የመጨረሻውን ፍርድ ይጠብቃል። የሚጠብቁ ከሆነ ተቃውሞዎ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ። ቁጥር 320(4) ከዚህ ደንብ የተለየ መንገድ ይሰጣል፦ ሰው እንዲታሰር ወይም ንብረት ከአንዱ ተከራካሪ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ሲታዘዝ፣ ወይም አካልን ነፃ የማውጣት (ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚቀርብ) አቤቱታ ውድቅ ሲደረግ ይግባኙ ሳይዘገይ ሊቀርብ ይችላል። የእርስዎ ትዕዛዝ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ይህንኑ በማመልከቻው መግቢያ ላይ ይጻፉት እንጂ ዳኛው ፈልጎ እንዲያገኘው አይተዉት።

ችግር፦ ይግባኙ ተመዝግቧል፣ የፍርዱ አፈጻጸም ግን አልቆመም።

ምክንያት፦ በቁጥር 332 መሠረት ይግባኝ መቅረቡ ብቻ አፈጻጸምን አያግድም። ብዙ ሰው የይግባኝ መዝገብ ቁጥር ሲያገኝ ነገሩ የቆመለት ይመስለዋል።

መፍትሄ፦ የእግድ ማመልከቻውን ለብቻው አዘጋጅተው በቃለ መሐላ አስደግፈው ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያቅርቡ። የሚጠቅሱት ቁጥር 332ን እና 335ን እንጂ በክርክር ላይ ላለ ንብረት የሚሰጠውን ጊዜያዊ እግድ የሚመለከተውን ቁጥር 154ን አይደለም፤ ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስህተት ነው። ቁጥር 335 በአመልካቹ ላይ ከባድ ጉዳት የሚደርስ መሆኑን፣ ማመልከቻው ያለ አግባብ ሳይዘገይ መቅረቡንና ዋስትና መሰጠቱን ይመለከታል። ከሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው የመጀመሪያው ነው። «ከፍተኛ ጉዳት ይደርስብኛል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለዳኛው ምንም አይነግረውም። «ቤተሰቤ የሚኖርበት ቤት በዚህ ቀን በሐራጅ ይሸጣል፤ ለሦስተኛ ወገን ከተላለፈ በኋላ ፍርዱ ቢሻር ቤቱን ማስመለስ አዳጋች ይሆናል» የሚለው ግን ጉዳቱን ያሳያል፤ የሐራጁ ማስታወቂያ ግልባጭም አብሮ ይያያዝ። የገንዘብ ፍርድ ከሆነ ሸክሙ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ገንዘብ ሊመለስ ይችላል ተብሎ ይታሰባል፤ ስለዚህ መልስ ሰጪው (ይግባኝ የተባለበት ወገን) ገንዘቡን ለመመለስ አቅም የሌለው መሆኑን በማስረጃ ያሳዩ፣ የባንክ ዋስትና ወይም ሌላ በቂ ዋስትናም ያቅርቡ። እግድ መጠየቅ በቁጥር 323(2) የተሰጠውን የ60 ቀን የይግባኝ ጊዜ አያራዝምም።

ችግር፦ እግዱ ተሰጥቷል፣ ሐራጁ ግን ተካሂዷል።

ምክንያት፦ ትዕዛዙ ለአፈጻጸም ችሎቱ በጊዜው አልደረሰም፣ ወይም «እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ» ተብሎ የተሰጠው እግድ ቀኑ ሲያልፍ አልተራዘመም።

መፍትሄ፦ በማኅተም የተረጋገጠውን ግልባጭ በተሰጠበት ቀን ይውሰዱ፤ ለአፈጻጸም መዝገቡ አስገብተው በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የተቀባዩን ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። የማራዘሚያውን ጥያቄ ከቀጠሮው ቀን አስቀድመው ያስገቡ።