የወር አበባ ሲዛባ፦ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ምን እንደሚያዛባውና መቼ ሐኪም ዘንድ እንደሚኬድ

የወር አበባዋ እንደተዛባ የምታስብ ሴት ከሁሉ አስቀድማ ማጣራት ያለባት ቆጠራውን ነው። ዑደቱ የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ቀጣዩ እስከሚጀምርበት ዋዜማ ድረስ እንጂ ደሙ ካቆመበት ቀን አይደለም። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ርዝመት ጤናማ ሲሆን፣ የወር አበባ ማየት ከጀመረች ጥቂት ዓመት ብቻ ለሆናት ልጃገረድ እስከ 45 ቀን ቢዘገይም አያስደነግጥም። ደሙ ከ2 እስከ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል።

በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ፣ ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት መስከረም 10 ካየች ቀጥሎ ጥቅምት 8፣ ከዚያም ኅዳር 6 ታያለች። ጥቅምት 2 ያየች ደግሞ ጥቅምት 30 ትደግማለች፤ በአንድ ወር ሁለቴ መጣብኝ ብላ ብትሰጋም ዑደቷ ፍጹም ጤናማ ነው። ጳጉሜን መዝለልም ቆጠራውን በ5 ወይም በ6 ቀን ያሳስታል። በወሎ ቀን መያዝ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሙስሊሟ በረመዳን ያልጾመቻቸውን ቀናት ኋላ ቀዷ ለማውጣት (ጾሙን ለማካካስ) ትይዛለች፣ ክርስቲያኗም ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ቀኗን ታውቃለች። በዚያው ልማድ ላይ ደሙ የቆየበትን ቀን፣ በቀን የተቀየረውን ሞዴስ ብዛት፣ ሕመሙንና የተወሰደውን መድኃኒት ጨምሮ መጻፍ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

የወር አበባ ሲቀር መጀመሪያ የሚጣራው እርግዝና ነው፤ ጥቂት ደም መታየቱ እርግዝና የለም ማለት አይደለም። የምታጠባ እናትም ደም ሳታይ ልትፀንስ ትችላለች። የሦስት ወር መርፌና በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያ ደሙን ያለ ጊዜው ጠብ ጠብ ያደርጉታል ወይም ያስቀሩታል፤ ብዙዎች ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ ብለው ቢጨነቁም የሚጠራቀም ነገር የለም፣ የማህፀኑ ግድግዳ ስለሚሳሳ ነው የሚቀረው። ከግንኙነት በኋላ በአስቸኳይ የሚወሰደው የእርግዝና መከላከያ፣ ፖስት ፒልም፣ ቀጣዩን ቀን ሊያዛንፍ ይችላል፤ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ መመርመር ይገባል። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ሴቶች የእንቅልፍ መዛባትን፣ እንዲሁም የክብደት መቀነስንና ጭንቀትን ከምክንያቶቹ ሊቆጥሯቸው ይገባል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲታወክ ከዑደቱ መዛባት ጋር ድካም ወይም የልብ ምት መፍጠን አብሮ ሊመጣ ይችላል። ለወራት የሚጠፋ የወር አበባ ከፊት ፀጉርና ከብጉር ጋር ሲታይ የሆርሞን ችግርን፣ ከልክ በላይ የሚፈስ ደም ደግሞ ማዮማን (በማህፀን ላይ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ) ሊያመለክት ይችላል።

ቀጠሮ ይዞ መታየት የሚያስፈልገው ያለ እርግዝናና ያለ መርፌ ለሦስት ወር ሲቀር፣ ዑደቱ በተደጋጋሚ ከ21 ቀን ሲያንስ ወይም ከ35 (ገና ለጀመረች ልጃገረድ ከ45) ሲበልጥ፣ ደሙ ከ7 ቀን ሲያልፍ፣ በመሀል ወይም ከግንኙነት በኋላ ሲታይ፣ እንዲሁም ልጅቷ 15 ዓመት ሞልቷት ምንም ሳታይ ስትቀር ነው። ካረጠች ዓመት ያለፋት ሴት ጠብታ እንኳ ብታይ ችላ ልትለው አይገባም፤ በእኔ እምነት በየቤቱ በይሉኝታ የሚታለፈው ትልቁ አደጋ ይህ ነው።

አንድ ሞዴስ በሰዓት ውስጥ እየራሰ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ፣ ራስን የሚያስት ከሆነ፣ ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት የወር አበባዋ ዘግይቶ ከእንብርት በታች ብርቱ ሕመም ከተሰማት፣ በተለይም ትከሻዋን ጭምር ካመማት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለባት፤ ከማህፀን ውጭ የተፀነሰ እርግዝና እስኪነጋ አይጠብቅም።

አስቸኳይ ላልሆነው ግን ከቅርብ ጤና ጣቢያ መጀመር ይበቃል። የእርግዝናና የደም ማነስ ምርመራ እዚያው ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ወደ ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊጻፍላት ይችላል። የቀረውን የወር አበባ ይመልሳል የሚባልን ቅጠል ወይም ክኒን ከምርመራ በፊት መውሰድ፣ እርግዝና ሊኖር ስለሚችል አደገኛ ነው። ከእናቷ ወይም ከአክስቷ ጋር የመጣች ልጅም ስለ ግንኙነት የሚነሣውን ጥያቄ ብቻዋን ሆና ለመመለስ ባለሙያውን መጠየቅ ትችላለች።