ሰፌድ ጀምሮ እንቅብ መጨረስ፦ ከአሮጌ ልብስ ምንጣፍና አሻንጉሊት ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የሰፈራችን ልዋጭ ጠዋት ሲጮህ እናቴ ያረጀ ልብስ ይዛ ትወጣ ነበር። ሁለት ሹራብና አንድ ሱሪ ሰጥታ የፕላስቲክ ሳፋ ይዛ ትመለሳለች። እኔ ኪሮሽ ከያዝኩ ወዲህ ግን ልዋጩ ከእኛ ቤት ብዙም አይቀናውም። የነተበ ቲሸርት ምንጣፍ ይሆናል። የተተረተረ ሹራብ አሻንጉሊት ይሆናል። ልብስ ሰፊው ደጃፍ የሚጣለውም ቁርጥራጭ አለ።

ይህን ስል ሁሉም ነገር አምሮልኝ እንዳይመስላችሁ። እዚህ የምጽፋቸውን ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሠርቻቸዋለሁ። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ።

ያገኙትን ሁሉ መቀላቀል

ትርፍራፊ ነውና አይመረጥም እንላለን። ብዙው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጥጡን ከሱፉ፣ ሱፉን ከአክሪሊኩ አጠገብ አድርገን እንሠራለን። ያለቀ ቀን ያምራል። አንድ ጊዜ ሲታጠብ ግን ጉዱ ይወጣል። ጥጡ ይሰበሰባል። ሱፉ ሙቅ ውኃና ፍትጊያ ካገኘው ተጣብቆ እንደ ባርኔጣ ጨርቅ ይደድራል። አክሪሊኩ እንደነበረ ይቀራል። ምንጣፉ እዚህ ተጨማዶ፣ እዚያ አብጦ ታገኙታላችሁ።

ክሩ ምን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት አብሮት ከሌለ ክብሪት ይነግራችኋል። ጣት የምታህል ቁራጭ በወረንጦ ያዙና ውኃ ያለበት ሳህን ላይ አቃጥሏት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይተዋል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ እሳቱን ስታርቁለትም ይጠፋል። አክሪሊክና ፖሊስተር ቀልጠው እንደ ዶቃ የጠጠረ ነገር ይሆናሉ። የቀለጠው ጣት ላይ ከተጣበቀ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ልጆች ባሉበት አትሞክሩት። ከዚያ በሦስት ፌስታል ለይታችሁ አስቀምጡ። እኔ ይህን ካደረግሁ በኋላ ነው ሥራው ሥራ የመሰለኝ።

ቀለምም አለ። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ከነጭ ጋር ከመግባቱ በፊት ይፈተን። በሞቀ ውኃ ነክሩት፣ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ ጭመቁት። ነጩ ከቀላ ያ ልብስ ሌላ ምንጣፍ ይጠብቅ። በነጭና በቀይ የሠራሁት የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ ዛሬ ሮዝ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ሆን ብዬ ነው» እላለሁ።

ቲሸርቱን በቁመቱ መቁረጥ

ቲሸርት ከታችኛው ጠርዙ ጋር ትይዩ ሆኖ ነው የሚቆረጠው። እንዲህ የተቆረጠው ጥብጣብ ሳብ ሲያደርጉት ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ክብ ክር ይሆናል። በቁመቱ የተቆረጠው እንደዚያ አይጠቀለልም፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ያስቸግራል። ከብብት በታች ያለውን ክፍል ብቻ ውሰዱ። ጎኑ ላይ ስፌት የሌለው ቲሸርት ካገኛችሁ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ።

ሒሳቡ ይህ ነው። ዙሪያው 100 ሴንቲሜትር፣ ከብብት በታች ቁመቱ 42 ሴንቲሜትር የሆነ ቲሸርት በ2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ሲቆረጥ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይሰጣል። ብዙ ይመስላል፤ አይደለም። 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ምንጣፌ ዘጠኝ ቲሸርት በልቷል። ስለዚህ ሁለት ቲሸርት ይዛችሁ የሳሎን ምንጣፍ አትጀምሩ። የበር እግር መጥረጊያ ጀምሩ።

አንሶላና የሐበሻ ልብስ በሽመና የተሠሩ ስለሆኑ ጫፋቸው ይተረተራል። እነሱን በመቀስ ከመቁረጥ መቅደድ ይሻላል፤ ቅዱ ድሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የአሮጌ ነጠላ ጥለት ካላችሁ አትቅደዱት። መጨረሻ ላይ ለጠርዝ ይሆናል።

የሹራቡን ስፌት ሳያዩ መግዛት

ሰልባጅ ተራ ሄዶ ትልቅ የሱፍ ሹራብ በርካሽ ማግኘት ደስ ይላል። ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጎኑን እዩት። ሁለት ያለቀላቸው ጠርዞች በአንድ ክር ተያይዘው ከሆነ ይተረተራል። ጠርዙ በማሽን ተቆርጦ ተዘምዝሞ ከሆነ ግን ተዉት። ስትተረትሩት በየመስመሩ እየተበጠሰ አንድ ፌስታል አጫጭር ክር ብቻ ነው የምታገኙት። የተተረተረ ክር ደግሞ እንደ ሉጫ ፀጉር አይተኛም፣ ይንጨባረራል። በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሙት፣ አራት ቦታ እሰሩት፣ እጠቡትና ቀላል ክብደት አንጠልጥላችሁበት ይድረቅ። ሲደርቅ ይቃናል።

እየጎበጠ እያዩ መቀጠል

የመጀመሪያውን ምንጣፌን ላሳያቸው ለጎረቤቴ ይዤ ሄድኩ። ስፌት የሚሰፉ እናት ናቸው፤ አክርማና ስንደዶ ከእጃቸው አይጠፋም። አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ሰፌድ ጀምረሽ እንቅብ አደረግሽው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። መሃሉ መሬት ነክቶ ዙሪያው ወደ ላይ ተነስቷል። ሽንኩርት ማስቀመጫ አደረግሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክብ ነገር ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲያድግ በየዙሩ እኩል መጠን መስፋት አለበት። በኪሮሽ አጭሩን ነጠላ አሠራር ከተጠቀማችሁ በ6 ቀለበት ትጀምራላችሁ። ሁለተኛው ዙር 12፣ ሦስተኛው 18፣ አራተኛው 24 እያለ በየዙሩ 6 ይጨምራል። ረጅሙን አሠራር ከመረጣችሁ መነሻውም ጭማሪውም 12 ነው። ወፍራም የቲሸርት ጥብጣብ አንዳንዴ በነጠላውም 7 ወይም 8 ይጠይቃል። የእያንዳንዱ ሰው እጅ ጥብቀት ይለያያል፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ሃይማኖት አትያዙት።

ዳኛው ወለሉ ነው። በየሁለት ዙሩ መሬት ላይ አስቀምጡና በእጃችሁ ደፍጥጡት። ጠርዙ ከተነሳ ጭማሪው አንሷል ወይም ክሩን አጥብቃችሁ ስባችኋል። ጠርዙ እንደ ቀሚስ ጫፍ ከተሸነሸነ ደግሞ በዝቷል፤ አንድ ዙር ሳትጨምሩ እለፉ። «ሲታጠብ ይስተካከላል» የሚል ሰው ይገጥማችኋል። አይስተካከልም። ሁለት ዙር መፍታት ዛሬ አሥር ደቂቃ ነው፣ ከአሥር ዙር በኋላ ሙሉ ቀን።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ጭማሪውን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ካደረጋችሁ ክቡ ስድስት ማዕዘን ያወጣል። ቦታውን እየቀያየራችሁ ጨምሩ። ዙሩ የት እንደጀመረ እንዳይጠፋባችሁም መርፌ ቁልፍ ሰክታችሁ ምልክት አድርጉ።

መቋጠር

ጥብጣብ ሲያልቅ ቀጣዩን መቋጠር የሁላችንም ልማድ ነው። ቋጠሮው ግን ለባዶ እግር ጠጠር ነው። በሁለቱም ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። የአዲሱን ጥብጣብ የተበሳ ጫፍ በአሮጌው ቀዳዳ አስገቡት፣ ከዚያ የአዲሱን ሌላኛ ጫፍ በራሱ ቀዳዳ አሳልፋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ይያያዛል፣ አይታይም።

ኪሮሽ የማትወዱ ጥብጣቡን በጆንያ ዐይኖች እያስገባችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የጆንያውን ጠርዝ መጀመሪያ አጥፋችሁ ስፉት እንጂ። ከቃጫ ጆንያ ይልቅ የማዳበሪያ ከረጢት የምትመርጡ ደግሞ በረንዳ ላይ አታንጥፉት፤ ፀሐይ ያደርቀውና ይፈረካከሳል።

የሚያንሸራትት ምንጣፍ ሴራሚክ ላይ መዘርጋት

ሲሚንቶ ላይ የማይንቀሳቀስ ምንጣፍ የኮንዶሚኒየም ሴራሚክ ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ነው። በተለይ አዛውንት ባሉበት ቤት። ከሥሩ ወንፊት የመሰለውን ላስቲክ ቆርጣችሁ ስፉበት። ስታጥቡት ደግሞ ውኃ የጠጣ ምንጣፍ ከባድ ነውና ገመድ ላይ አትስቀሉት፣ ይለጠጣል። ጠፍጣፋ ቦታ ዘርጉት። ቆርቆሮ ላይ ግን አይሁን፤ የዝገቱ ቀለም አይለቅም።

ወደ አሻንጉሊቱ ስንመጣ

አሻንጉሊት በወፍራም ኪሮሽ መሥራት የተለመደ ስህተት ነው። ለሹራብ የሚሆነው ልልነት እዚህ ሆድ ዕቃውን ያሳያል። ክሩ ከሚጠይቀው አንድ ወይም ሁለት ሳይዝ ያነሰ ኪሮሽ ያዙ። ከመሙላታችሁ በፊት ሳብ አድርጋችሁ ወደ መስኮት አንሱት። ብርሃን ካለፈ ጥጡም ያልፋል።

ሩዝ ወይም ምስር የሚሞሉ አሉ። ክብደት ይሰጠዋል፣ እውነት ነው። ግን አይታጠብም፣ ከጥቂት ወር በኋላም ነቀዝ ይወጣዋል። የትራስ ፋይበር ይሻላል። የጨርቅ ቁርጥራጭ ብቻ ካላችሁ በጣም አድቅቃችሁ በአሮጌ ስቶኪንግ ውስጥ ከትታችሁ ሙሉት፤ ያለዚያ ሆዱ ድንች የዋጠ ይመስላል።

ክር ሊያልቅባችሁ እንደሚችልም አስቡ። ትርፍራፊ ክር አይተካም፣ ሱቅ ሄዳችሁ ያንኑ ቀለም አታገኙም። እግሮቹን ከመጀመራችሁ በፊት ኳሱን በሚዛን ሁለት እኩል ቦታ ክፈሉት። አንድ እግሩ ቢጫ የሆነ ጥቁር ዝሆን አለኝ። የእህቴ ልጅ «ካልሲ ነው» ብላ አዳነችኝ።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። ለሕፃን በሚሰጥ አሻንጉሊት ላይ ቁልፍ ወይም ዶቃ ዓይን አታድርጉ። ከኋላው በቀለበት የሚቆለፈው የፕላስቲክ ዓይን ራሱ ለሕፃን አይሆንም፤ ክሩ ሲላላ ሙሉውን ይወጣል። ልጅ ደግሞ ሁሉን ነገር በአፉ ነው የሚያውቀው። በአሜሪካ ሕግ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በተሠራ መጫወቻ ላይ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ባላት አጭር የመፈተሻ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ትንሽ ክፍል መኖር የለበትም። እዚያ ሆናችሁ ለባዛር የምትሠሩ ይህን አስቡበት። ቤት ውስጥ ደግሞ የሶፍት መሃል ካርቶን አለላችሁ። በዚያ የሚያልፍ ነገር ለሕፃን አይሰጥም። ዓይኑን በጥቁር ክር ጥለፉት። እንዲያውም ጥልፍ ዓይን የበለጠ ፊት ይሰጠዋል፤ በፕላስቲኩ ሁሉም ደንግጠው የሚያዩ ይመስላሉ። የክሩን ጫፍም አታሳጥሩት። 15 ሴንቲሜትር ያህል ትታችሁ በመርፌ ወዲያና ወዲህ አመላልሳችሁ ሆዱ ውስጥ ቅበሩት።

ሁሉን ማስቀመጥ

ይህኛው የእኔ በሽታ ነው። «አንድ ቀን ይጠቅማል» እያልኩ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ አልጋ ሥር አከማችቼ ነበር። ባለፈው ክረምት ስከፍተው ብል የገባበት ሱፍ አገኘሁ። ከአጠገቡ የነበሩትን ሁለት ደህና ሹራቦች ጨርሷቸዋል። አሁን ልኬ አንድ ከረጢት ነው፣ ሱፉ ታጥቦ ተከድኖ ይቀመጣል። ከዚያ የተረፈውን፣ ቅዳሜ ጠዋት ልዋጩ ሲጮህ ይዤ ወጣሁ። ጆግ ሰጠኝ፤ ክዳኑ ግን አይገጥምም።