የጠቅላይ ፍርድ ቤት እጩ ስለ ግል ሕይወት መብት ያለውን አቋም እንዴት ማጣራት ይቻላል?

ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሲታጭ፣ የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ለቀናት በቴሌቪዥን ፊት ይጠይቀዋል። እኔ ቴሌቪዥኑን የምከፍተው መጨረሻ ላይ ነው። ዋናው ሥራ ከዚያ በፊት ነው።

መጀመሪያ ጠቡ ምን እንደሆነ ያዙ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን በስሙ ይጠራዋል። የአሜሪካው ውስጥ ቃሉ የለም። በ1965 (በፈረንጆቹ) ፍርድ ቤቱ በግሪስዎልድ መዝገብ፣ ባለትዳሮች ጭምር የወሊድ መከላከያ እንዳይጠቀሙ የሚከለክለውን የኮኔቲከት ሕግ 7 ለ 2 ሻረ። የግል ሕይወት መብት በሌሎቹ ድንጋጌዎች ውስጥ ይገኛል አለ። እጩው ይህን ይቀበላል ወይ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ፣ ሰውየው ሹመት ሳይሸተው የጻፈውን ፈልጉ። የሕግ ፕሮፌሰር የነበረው ሮበርት ቦርክ በ1971 ግሪስዎልድን የሚተች ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። በ1987 ሲታጭ ያው ጽሑፍ ተመዞ ወጣ፤ በሴኔቱ 58 ለ 42 ወደቀ። የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን አንድ የዋሽንግተን ጋዜጣ ቦርክ የተከራያቸውን ቪዲዮዎች ዝርዝር አወጣ። ነውር የሚባል ነገር አልነበረበትም። የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ግን ደነገጠ፤ በ1988 የቪዲዮ ኪራይ መረጃን የሚጠብቅ ሕግ አጸደቀ። በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ የሆነው ሳሙኤል አሊቶም በ1985 በሥራ ማመልከቻው ላይ ሕገ መንግሥቱ የፅንስ ማቋረጥ መብትን አይጠብቅም ብሎ ጽፎ ነበር። በ2022 በግል ሕይወት መብት ላይ ቆሞ የነበረውን ያንን መብት የሻረውን ውሳኔ የጻፈው እሱ ነው።

ስልካችሁንም አትርሱ። በ2018 ፖሊስ ስልክ የት የት እንደዋለ የሚያሳየውን መዝገብ ለማየት የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው 5 ለ 4 ነው። ውሳኔውን የጻፈው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፣ ወግ አጥባቂው ጆን ሮበርትስ ነው። ስለዚህ «ወግ አጥባቂ» ወይም «ሊበራል» በሚል ታፔላ ብቻ አትፍረዱ። እጩው ዳኛ ከነበረ ስለ ብርበራ የወሰነውን አንብቡ።

አሁን ቴሌቪዥኑን ክፈቱ። «ነባር ውሳኔ ነው» ማለት «ትክክል ነው» ማለት አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የራሱን ውሳኔ መሻር ይችላል። «ወደፊት ሊቀርብልኝ ስለሚችል አልመልስም» የተለመደ ማምለጫ ነው። እጩው ስለ አንዱ መዝገብ በደንብ መልሶ ሌላው ላይ ዝም ካለ፣ ዝምታው የት እንደጀመረ ጻፉ። ሮበርትስ በ2005 ሲታጭ ግሪስዎልድን እንደሚቀበል ተናገረ። ኤሚ ኮኒ ባሬት በ2020 ታጭታ ስለዚያው ስትጠየቅ ትክክል ነው ከማለት ተቆጠበች።

መጨረሻ፣ ሴኔቱ በሹመቱ ላይ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ለሴኔተራችሁ ደውሉ። ዲሲ የምትኖሩ ግን ድምፅ የሚሰጥ ሴኔተር የላችሁም፤ ጎረቤት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመድ ይደውልላችሁ።