የቦኩ ባልጩት ፐርአልካላይን መሆኑን እንዴት እናረጋግጣለን?

ፐርአልካላይን የሚባለው በሞል ሲቆጠር የሶዲየምና የፖታሲየም ኦክሳይዱ ድምር ከአሉሚናው (ከአሉሚኒየም ኦክሳይዱ) የሚበልጥ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አዳማ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ባጃጅ ይዛችሁ ከከተማው አጠገብ ወዳለው ቦኩ ውጡ። ከመሬት በሚወጣው እንፋሎት የሚታጠኑትን አለፍ ብላችሁ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ባልጩት ፈልጉ። በጠዋት ሂዱ፤ ረፋዱ ካለፈ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ስትመቱት መነጽር አድርጉ፤ ስንጣሪው ዓይን አይምርም። ስስ ጠርዙን ወደ ፀሐይ ያዙት። አረንጓዴ ቢጤ ከታያችሁ ፓንቴለራይት የሚባለው ብረት የበዛበት የፐርአልካላይን ዓይነት ሊሆን ይችላል። በቀለም ብቻ ግን አትማሉ።

ላብራቶሪ የሚገባው ንጹህ ስባሪ ብቻ ነው። ግራጫ ሽፋን የያዘውን ጣሉት። ፑሚሱንም (ቀዳዳ የበዛበትን ቀላል ድንጋይ) ለብሎኬት ሠሪዎች ተዉላቸው። እርጥበት የገባው የእሳተ ገሞራ መስታወት ሶዲየሙ ይታጠባል፤ ያኔ ፐርአልካላይኑ ድንጋይ ተራ ራዮላይት (ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) መስሎ ቁጭ ይላል።

ውጤቱ ሲመጣ ብዙ ተማሪ ሶዲየም ኦክሳይድንና ፖታሲየም ኦክሳይድን ይደምርና "አልካላይን ነው" ብሎ ይዘጋዋል። እኔን የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። አሉሚናውስ? የክብደት መቶኛዎቹን መጀመሪያ ወደ ሞል ቀይሩ፤ ይኸውም እያንዳንዱን ለሞላር ክብደቱ ማካፈል ነው። ለልምምድ ሶዲየም ኦክሳይዱ 5.5፣ ፖታሲየም ኦክሳይዱ 4.5፣ አሉሚናው 9.5 ይሁን። 5.5ን ለ62፣ 4.5ን ለ94.2 አካፍላችሁ ስትደምሩ 0.137 ገደማ ታገኛላችሁ። 9.5 ለ102 ሲካፈል 0.093 ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 1.47 ይመጣል። ከ1 በላይ ከሆነ ፐርአልካላይን ነው፤ ክርክር የለውም።

ቀጥሎ ወደ ክብደት መቶኛው ተመለሱና ጠቅላላ ብረቱን (በFeO የተሰላውን) በ1.33 አባዙና 4.4 ጨምሩ። አሉሚናው ከዚያ ካነሰ ፓንቴለራይት፣ ከበለጠ ኮመንዳይት (ብረቱ ያነሰው የፐርአልካላይን ዓይነት) በሉት።

አሉሚናው የት ሄደ? ከስምጥ ሸለቆው ሥር ባዛልት ማግማ ሲቀዘቅዝ ፕላጂዮክሌዝ የሚባለው ማዕድን ካልሲየምና አሉሚኒየም እየሳበ ይዘቅጣል። የቀረው ቅላጭ አሉሚናው እየሳሳ፣ አልካሊው እየበዛ ይሄዳል። አሻራውም አይጠፋም፦ ፌልድስፓር የሚወደው ስትሮንቲየም ይመነምናል፣ ዩሮፒየም ይጎድላል፣ ዚርኮኒየም ግን ይከማቻል።

ድንጋዩ የተፈጠረው ከባዛልት ማግማ ሳይሆን የምድር ቅርፊት ቀልጦ ነው የሚል ከመጣባችሁ የስትሮንቲየም አይሶቶፕ ሬሾ (የስትሮንቲየም-87 ለስትሮንቲየም-86) አስለኩ። ሬሾው ከአካባቢው ባዛልት ብዙም ካልራቀ የቅርፊቱ ድርሻ ትንሽ ነው። ስትሮንቲየሙ እጅግ ያነሰ ናሙና ላይ ግን ጥቂት የቅርፊት ንክኪ እንኳ ሬሾውን ከፍ ስለሚያደርገው የኒዮዲሚየም አይሶቶፕ ሬሾውንም አብራችሁ አስለኩ።