አዲስ የፕሮግረሲቭ ሜታል አልበም ሰምቶ ሂስ ለመጻፍ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አድማጮች

ስሙ ገና ያልወጣ የፕሮግረሲቭ ሜታል (ረጃጅም ዘፈንና የሚለዋወጥ ምት ያለው ከባድ የጊታር ሙዚቃ) ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ሲለቅ የሚጻፍለት ሂስ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። «ችሎታቸው ያስደንቃል»፣ «ዘፈኖቹ ረጃጅም ናቸው»፣ «ድሪም ቲያትርን ያስታውሳሉ» (በዘርፉ የታወቀውን ባንድ) ይባልና ያልቃል። ያነበበው ሰው ስለ አልበሙ የጨበጠው ነገር የለም። ባንዱም ለቀጣይ ሥራው የሚይዘው ፍሬ አያገኝበትም። የታወቀ ባንድ ይህን ይችለዋል። ጀማሪው ግን የሚጻፍለት ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ጽሑፍ ይከብደዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ደንብ ያዙ፦ ደቂቃና ሰከንድ የሌለው ፍርድ አትጻፉ። «መሸጋገሪያው ደካማ ነው» ካላችሁ የትኛው ዘፈን፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ጨምሩ። ቦታውን መጥቀስ ካቃታችሁ ገና አልሰማችሁትም ማለት ነው።

ከመስማት በፊት

አልበሙ እጃችሁ የገባው በቴሌግራም ከሆነ መጀመሪያ ፋይሉን መርምሩ። 128 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒስሪ ከ16,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አብዛኛውን ቆርጦ ይጥለዋል። ሲምባሉ እንደ አሸዋ ይንሿሿል። በዚህ ፋይል ላይ ተመሥርቶ «የድራም ቀረጻው ጥራት የለውም» ብሎ መጻፍ ባንዱን በሌላ ሰው ጥፋት መክሰስ ነው። 320 ኪሎቢት ወይም ፍላክ (ድምፁን ሳይቆርጥ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ፈልጉ። ባንዱ ባንዶች ሙዚቃቸውን በሚያወጡበት ባንድካምፕ በተባለው ድረ ገጽ ለቆት ከሆነ ከዚያው መስማት ይሻላል።

ሁለተኛው ወጥመድ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተልና መገጣጠሚያቸው ነው። በዚህ የሙዚቃ ዘርፍ አንዱ ዘፈን ሳይቋረጥ ወደ ሚቀጥለው መፍሰሱ የተለመደ ነው። ኤምፒስሪ በፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ቅንጣት ዝምታ ስለሚጨምር ማጫወቻው ያንን ካልዘለለ በየዘፈኑ መካከል ጭል የሚል ክፍተት ይሰማል። «ዘፈኖቹ አይያያዙም» የሚል ሂስ አንዳንዴ ከዚህ ይመነጫል። ሸፍል (ዘፈኖችን ያለ ተራ የሚያጫውተው) መጥፋቱን አረጋግጡ፣ የዘፈኖቹን ተራ ባንዱ ካወጣው ዝርዝር ጋር አመሳክሩ፣ ሳይቆራረጥ የሚያጫውት አፕ ተጠቀሙ። መብራት መሄዱ አይቀርምና ፋይሉን አስቀድማችሁ ስልክ ላይ ጫኑት።

ሦስተኛው ማዳመጫ ነው። ተራ ጊታር ዝቅተኛው ክሩ 82 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ባለ ሰባት ክሩ 62፣ ባለ ስምንት ክሩ 46 ድረስ ይወርዳል። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እዚህ ግባ በሚባል መጠን አያወጣውም። ትንሿ የብሉቱዝ ስፒከርም የታችኛውን ሥር አታወጣም። ስለዚህ የባለ ገመድ ኤርፎን ግድ ነው፤ ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በሐረጎ ዳገት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ መስማት ለዘፈኑ አወቃቀር አይከፋም። የሞተሩ ጉርምርምታ ግን ቤዙንና ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) ስለሚውጠው እዚያ ላይ ሆናችሁ ስለ ሚክስ (ስለ ድምፆቹ ሚዛን) አትፍረዱ።

ሦስት ዙር

እንደ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይሁን። ልዩነቱ ቡናው በየዙሩ ሲቀጥን አልበሙ ግን ሲደጋገም ይወፍራል። በአቦሉ ብዕር አትያዙ፤ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳታቆሙ ስሙ። ሲያበቃ በጆሯችሁ የቀረውን ብቻ አምስት መስመር ጻፉ። ያ ማስታወሻ ኋላ ላይ ዋጋ አለው፤ ከዝርዝሩ ብዛት በፊት የነበረው ንጹሕ ስሜት እሱ ነው።

ቶናው የሥራው ዙር ነው። ደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ሰዓት፣ ምት፣ ቅኝት፣ የሆነው ነገር። ሙዚቃው በተለወጠ ቁጥር አቁማችሁ አንድ መስመር ሙሉ። የ50 ደቂቃ አልበም በዚህ ዓይነት ሁለት ምሽት ይፈጃል። መቻኮል አያዋጣም። በረካው ከሦስት ቀን በኋላ ይሁን፤ ደብተሩን ይዛችሁ የጻፋችሁት ልክ መሆኑን የምታጣሩበት ነው።

ምቱን መቁጠር

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሰባት ምት ያለውን ሪፍ (የሚደጋገም አጭር የጊታር ሐረግ) «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» እያሉ መቁጠር ያደናግራል፤ የቁጥሮቹ ስም ርዝመታቸው እኩል አይደለምና። የሚቀለው በመናኸሪያ ረዳቶቹ በሚጣሩበት ስም መቁጠር ነው። ደ-ሴ ሁለት፣ ኮም-ቦል-ቻ ሦስት ነው። «ደሴ ደሴ ኮምቦልቻ» ሰባት ይሞላል። «ደሴ ኮምቦልቻ» አምስት። «ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ ደሴ» ስምንት። «ደሴ ደሴ ደሴ ኮምቦልቻ» ዘጠኝ። «ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ» ብቻውን ሲሆን ስድስት ነው፤ ያ ደግሞ በችክችካ ያደገ ጆሮ ሳይቆጥር የሚያውቀው ነው።

በእግራችሁ መሬቱን እየመታችሁ በአፋችሁ በሉት። ቃሉና ሪፉ እኩል ጀምረው እኩል ካለቁ ቆጠራችሁ ልክ ነው። ቃሉ ከሪፉ ቀድሞ ካለቀ ወይም ከቀረ አንድ ምት ጨምሩ ወይም ቀንሱ። የአከፋፈሉንም ተራ ልብ በሉ፦ «ደሴ ደሴ ኮምቦልቻ» እና «ኮምቦልቻ ደሴ ደሴ» ሁለቱም ሰባት ናቸው፤ ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚለያይ ግን አካሄዳቸው ለየብቻ ነው። ለልምምድ ቱል የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን ላተራለስ የተባለ ዘፈን ስሙ፤ አዝማቹ 9፣ 8፣ 7 እያለ ይወርዳል። በስሞቹ ብትከተሉት ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ከዚህ የሚከብደው ጊታሩና ድራሙ የተለያየ ሲቆጥሩ ነው። ጊታሩ በሰባት ይዞራል፤ ሲምባሉ ግን ሳይናወጥ በአራት ይሄዳል፣ ስኔሩም (ስል ድምፅ ያለው ከበሮ) ሦስተኛው ላይ ይመታል። እዚህ ላይ «ዘፈኑ በ7/8 (ባለ ሰባት ግማሽ ምት) ነው» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ መሠረቱ 4/4 (ባለ አራት ምት) ነው፣ በላዩ ላይ ባለ ሰባት ሪፍ ተጭኖበታል። ስሌቱም ቀላል ነው። በ4/4 አንድ ቤት (የምቱ አንድ ሙሉ ዙር) ስምንት ግማሽ ምቶች አሉት። ሰባቱና ስምንቱ እኩል የሚገናኙት ከ56 በኋላ ነው፤ ይኸውም ጊታሩ ስምንት ጊዜ፣ ድራሙ ሰባት ቤት ሲዞር። ብዙ ባንዶች ግን ሰባት ቤትን አይወዱም፤ ስምንት ቤት ላይ ለመዝጋት ሪፉን ዘጠኝ ጊዜ ዞረው የተረፈችውን አንዲት ግማሽ ምት ይለጥፉባታል ወይም ሪፉን ከመሃል ቆርጠው እንደገና ይጀምሩታል። ይህን መንገድ ያስፋፋው የስዊድኑ ባንድ ሜሹጋ ነው። ጀማሪ ባንድ ሲከተለው መጠየቅ ያለባችሁ ያቺን የተረፈች ምት ምን አደረጋት የሚለውን ነው። ጥሩ ባንድ የከበሮ ሙሌት ወይም ትንፋሽ ያደርጋታል። ያልበሰለው ላይ ሙዚቃው የተሰናከለ ይመስላል።

ቅኝቱ

የወሎ አድማጭ በዚህ ከማንም አያንስም። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው፤ ጆሯችን አብሯቸው አድጓል። አምባሰል ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ቶን ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ከመነሻው ግማሽ ቶን ብቻ ከፍ የምትለው ሬ ፍላት በሜታል ውስጥ ከባድ ሪፍ የሚቆምባት ድምፅ ናት። ፍሪጂያን የሚሉት ስኬል አምስቱንም የአምባሰል ድምፆች ይዟል፤ የሚጨምረው ሚ ፍላትና ሲ ፍላት ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ሆኖ ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለው ስድስት ግማሽ ቶን በሜታል ከጥንቱ የጨለማ ስሜት የሚፈጠርበት ርቀት ነው።

ይህ ዝምድና ግን ያሳስታል። አንዲት ሬ ፍላት ሰምቶ «አምባሰልን ተጠቅመዋል» ማለት አይገባም። ስልክ ላይ የፒያኖ አፕ ክፈቱ። ሪፉ የሚያርፍበትን ዝቅተኛ ድምፅ ፈልጋችሁ መነሻ አድርጉትና ሌሎቹን አንድ በአንድ አግኙ። ሁለቱ ተጨማሪ ድምፆች ከገቡበት ፍሪጂያን ነው። አምስቱ ብቻ ሆነው እንኳ ዜማው እንደ አምባሰል ካልተመላለሰና ማረፊያውን ካልጠበቀ «ድምፆቹ ከአምባሰል ጋር አንድ ናቸው» በሉ፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ። የአገራችን ባንድ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይጠነክራል፦ ቅኝቱ የሪፉ አጥንት ሆኗል ወይስ መግቢያ ላይ ክራር አሰምተው ትተውታል? የክራሩ ዜማ በኋላ በጊታር ተለውጦ ከተመለሰ ደቂቃውን ጻፉ።

ድሪቶ ወይስ ዘፈን

የጀማሪ ባንድ ትልቁ ድካም የሪፍ እጥረት አይደለም፤ ያለውን ሁሉ አንድ ዘፈን ላይ መጣፉ ነው። የመሸጋገሪያውን አራት ሰከንድ በፊትና አራት ሰከንድ በኋላ ደጋግማችሁ ስሙ። ፍጥነቱ፣ ቅኝቱ፣ የድራሙ አመታት ከሦስቱ አንዱ እንኳ ተሻግሯል? ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከተቀየሩና የተለወጠበት ምክንያት በግጥሙም ካልተገኘ ድሪቶ ነው። ሌላው መፈተኛ ክፍሉን ዘልሎ ማጫወት ነው። ሁለት ደቂቃ ዘላችሁ ምንም ካልጎደለ ያ ሁለት ደቂቃ ትርፍ ነበር። የዘፈኑ ርዝመት ራሱ ጥፋት አይደለም። መንዙማ ሲደረስ ያደገ ሰው ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር መታገሥን ያውቃል፤ ከአውጪው ወደ ተቀባዩ እየተመላለሰ ሲከር ምን እንደሚመስልም ያውቃል። ያንኑ መክረር በአሥራ ሁለት ደቂቃው ዘፈን ውስጥ ፈልጉት።

ስለ ድምፃዊው አጭር ነው። ግራውል የሚሉትን የጉሮሮ ድምፅ ካልወደዳችሁ በግልጽ ተናግራችሁ እለፉ፤ ስለ መኖሩ ሳይሆን ስለ ቦታው ፍረዱ። ኦፔዝ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ2011 ሄሪቴጅ የተባለውን አልበም ያለ ግራውል ሲያወጣ አድማጩ ለሁለት የተከፈለው በምርጫ እንጂ በጥራት አልነበረም። ድራሙ በኮምፒውተር መሠራቱም ብቻውን ነውር አይደለም፤ ሜሹጋ ራሳቸው የ2005ቱን (እ.ኤ.አ.) አልበማቸውን ካች ሠርቲስሪን በዚህ መንገድ ሠርተውታል። ጥፋቱ የሚመጣው እያንዳንዱ የስኔር ምት ቅጂ ሲሆን ነው፤ ፈጣን ሙሌት ላይ እንደ መትረየስ ይንጣጣል። ድምፁ መጨፍለቁን ለማየት ፋይሉን የድምፅ ሞገድ በሚያሳየው ኦዳሲቲ በተባለ ፕሮግራም ላይ ክፈቱት። ለስላሳውና ከባዱ ክፍል እኩል ቁመት ይዞ እንደ ጡብ ከተደረደረ ማስተሩ (የመጨረሻው የድምፅ ዝግጅት) ታፍኗል። ከሌላ አልበም ጋር ስታወዳድሩ ደግሞ የድምፁን መጠን እኩል አድርጉ፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

ሌሎች የጻፉትን ማንበብ

ከቶናው ዙር በፊት ምንም አታንብቡ። ከዚያ በኋላ ስታነቡ የሂስ ድረ ገጾች የሚሰጡትን ነጥብ አንድ ላይ ደምራችሁ አታካፍሉ። ሬት ዩር ሚዩዚክ ላይ ከአምስት 3.5 ማግኘት ጥሩ አቀባበል ነው። አንግሪ ሜታል ጋይ ዘንድ 3.0 «ጥሩ» ማለት ነው። ኢንሳይክሎፒዲያ ሜታለም ላይ ተጠቃሚዎች በመቶኛ ይሰጣሉ፤ እዚያ 70 የሚያመሰግንም የሚያማርርም ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ተዉትና ምክንያቱን ፈልጉ።

አንድ ዓይነት አገላለጽ በሁለት ጽሑፎች ካያችሁ ስድስት ሰባት ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ከትታችሁ ጎግል ላይ ፈልጉት። ሦስተኛ ቦታ ላይም ከወጣ ከባንዱ ወይም ከአሳታሚው የተላከ የማስታወቂያ ወረቀት ነው፤ እንደ ምስክርነት አትቁጠሩት። በተረፈ ሁለት ጸሐፊዎች ሳይተዋወቁ አንድ ዘፈን ላይ አንድ ድካም ካገኙ ያንን ቦታ ተመልሳችሁ ስሙ። ሁሉም አልበሞች አንድ ዓይነት ይሰማሉ የሚለው ቅሬታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጊታር ሶፍትዌሩ የተዘጋጀ ድምፅ ሳይለወጥ ከመወሰዱ የሚመጣ ነው። እውነት ሲሆን ጻፉት፤ ግን የድምፁ መመሳሰል የዜማው መመሳሰል እንዳልሆነ ለዩ።

አጻጻፉ

ከ500 እስከ 700 ቃል ይበቃል። ስለ ባንዱ አመጣጥ ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ጠንካራው ዘፈን ግቡ። ከሌላ ባንድ ጋር ማነጻጸር አንዴ ይበቃል፤ እሱም ምኑ እንደሚመሳሰል ተነግሮ። ሁሉንም ዘፈኖች በተራ አትዘርዝሩ፤ ሁለቱን በደንብ ክፈቱና አንዱን ደካማ ጨምሩ። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

«ሦስተኛው ዘፈን 4፡12 ላይ ጊታሩ ወደ ሰባት ይዞራል፤ ድራሙ ግን በአራት ይቀጥላል። 4፡26 ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ድምፃዊቱ የመጀመሪያውን ስንኝ መልሳ ትጀምራለች፤ የቁጥሩ ጨዋታ ለግጥሙ በር ከፋች ሆኗል። አምስተኛው ዘፈን ላይ ያው ዘዴ ይደገማል፤ ግን 2፡50 ላይ ሲገናኙ የሚገባ ነገር ስለሌለ ልምምድ ሆኖ ይቀራል።»

ይህን ያነበበ ሰው ዘፈኑን ከፍቶ ማጣራት ይችላል፤ ባንዱም የትኛውን ቦታ እንደሚያስተካክል ያውቃል። ከመለጠፋችሁ በፊት ደቂቃዎቹን አንድ ጊዜ ከፋይሉ ጋር አመሳክሩ፤ የዩቲዩቡ ቅጂ መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ወይም ሎጎ ካለው ሰዓቱ በጥቂት ሰከንድ ይዛነፋል፣ ስለዚህ ከየትኛው ቅጂ እንደሰማችሁ ግለጹ። ከባንዱ አባላት አንዱ «ያ ክፍል ዘጠኝ እንጂ ሰባት አይደለም» ብሎ ከጻፈላችሁ እንደገና ቁጠሩ። እሱ ልክ ከሆነ ጽሑፉን አርሙ፣ ያረማችሁበትን ቀን ከሥሩ አስፍሩ፤ የቀድሞውንም ቆጠራ አታጥፉት።