ተሠርቶ ተመልሶ የሚበላሽ አዲስ መኪና፦ በአሜሪካ ገንዘባችሁን እንዴት ታስመልሳላችሁ?

አዲስ መኪና ገዝታችሁ ወይም ሊዝ አድርጋችሁ፣ ያው አንድ ብልሽት "ተሠርቷል" እየተባለ በሳምንቱ ከተመለሰባችሁ፣ "ዕድሌ ነው" ብላችሁ ወርሃዊ ክፍያውን እየከፈላችሁ መኖር የለባችሁም። በአሜሪካ ሃምሳውም ስቴቶች ሌመን ሎው የሚባል ሕግ አላቸው፤ ዲሲም አላት። ፈር ቀዳጇ ኮነቲከት ናት፣ በ1982። ፍሬ ነገሩ በሁሉም ዘንድ ይቀራረባል፦ የመኪናውን አገልግሎት፣ ዋጋ ወይም ደኅንነት በእጅጉ የሚጎዳ ጉድለት ካለና አምራቹ በቂ ዕድል ተሰጥቶት ማስተካከል ካቃተው፣ መኪናውን ይለውጣል ወይም ገንዘቡን ይመልሳል። የመቀመጫ ሲጥ ሲጥ ማለት ለዚህ አይበቃም። ማርሽ፣ ፍሬን፣ መሪ፣ እየነዱ የሚጠፋ ሞተር ይበቃል።

ጠበቃ አይደለሁም። የራሴን መኪና ካምቢዮ ይዤ ዲለር ስመላለስ፣ ከዚያም ለዘመድ ለወዳጅ ሳስተረጉም ያየሁትን ነው የምጽፈው። ያየሁትም ይህ ነው፤ ብዙ የእኛ ሰው ጉዳዩን የሚያጣው ጠበቃ ቢሮ ሳይደርስ፣ እዚያው ዲለሩ ሰርቪስ ጠረጴዛ ላይ ነው።

1. ቀኑንና ማይሉን አስሉ

ሕጉ የሚሠራበት ጊዜ የሚቆጠረው መኪናውን ከተረከባችሁበት ቀን ነው፤ ችግሩ ከጀመረበት ቀን አይደለም። ቨርጂኒያ 18 ወር ትሰጣለች። ሜሪላንድና ዲሲ 24 ወር ወይም 18,000 ማይል ይላሉ፣ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ኡበር ወይም ሊፍት ለሚሠራ ሰው 18,000 ማይል ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ካሊፎርኒያም 18 ወር ወይም 18,000 ማይል የሚል መስፈሪያ አላት፤ እዚያ ግን ይህ የማስረጃውን ሸክም የሚያቀልላችሁ ጊዜ እንጂ መብታችሁ የሚያበቃበት ቀን አይደለም። የቨርጂኒያ ነዋሪዎች በተለይ ተጠንቀቁ፤ እናንተ ጋ ክሱ ራሱ በመሠረቱ በእነዚያ 18 ወራት ውስጥ መከፈት አለበት። ጊዜው የሚራዘምበት ሁኔታ አለ፣ በእሱ ተማምናችሁ ግን አትዘግዩ።

ስንት ጊዜ ጥገና በቂ ነው? በቨርጂኒያ ለአንድ ዓይነት ችግር ሦስት ጊዜ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ አንድ ጊዜ። በሜሪላንድና በዲሲ አራት ጊዜ፤ ሜሪላንድ ለፍሬንና ለመሪ፣ ዲሲ ደግሞ ለደኅንነት ጉድለት አንድ ሙከራ ይበቃል ይላሉ። ካሊፎርኒያ አራት፣ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ለሚችል ደግሞ ሁለት። በአራቱም ቦታ ሌላ በር አለ፦ መኪናው ለጥገና ተብሎ በድምሩ 30 ቀን (በካሊፎርኒያ ከ30 ቀን በላይ) ከእጃችሁ ከወጣ ይቆጠራል። ቀኖቹ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። ዲለሩ ምትክ መኪና ስለሰጣችሁም ቆጠራው አይቆምም።

2. ሪፔር ኦርደር፦ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው

ዲለር ስትገቡ የሚቀበላችሁ ሰርቪስ አድቫይዘር መካኒክ አይደለም። የነገራችሁትን ሰምቶ በራሱ አባባል ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፤ ሪፔር ኦርደር የሚባለው የጥገና ወረቀት ይህ ነው። መካኒኩ የሚያነበው እሱን ነው። ከወራት በኋላ የአምራቹ ጠበቃም፣ ሸምጋዩም፣ ዳኛውም የሚያነቡት እሱኑ ነው። እናንተ በቃል ያስረዳችሁት፣ የለመናችሁት፣ የተቆጣችሁት ሁሉ የትም አይገኝም።

ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት አክስቴ የደረሰባትን ልንገራችሁ። መኪናዋ ሞተሩ ሲሞቅ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲቀይር በኃይል ይገፈትራል። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ "ደንበኛዋ መኪናው ይንቀጠቀጣል ይላሉ" ተብሎ ተጻፈ። በሁለተኛው "ነዳጅ ሲረገጥ ድምፅ አለ"። በሦስተኛው "የሞተር መብራት በርቷል"። እሷ ሦስቱ ሞላልኝ ብላ ለአምራቹ ስትጽፍ የመጣላት መልስ "ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ እያንዳንዱም አንድ ጊዜ ብቻ ታይቷል" የሚል ነበር። አንድም ቀን ሌላ ነገር አልተናገረችም። አድቫይዘሩ በተለዋወጠ ቁጥር አባባሉ ተለዋወጠ እንጂ።

ስለዚህ ችግሩን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በእንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ካስቸገራችሁ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። መቼ፣ በምን ፍጥነት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ወይስ ሞቆ፣ ምን ያህል ጊዜ። ለምሳሌ፦ "ሃያ ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ፣ በሰዓት ከ25 እስከ 35 ማይል ላይ ማርሽ ሲቀይር መኪናው በኃይል ወደፊት ይገፈትራል፤ በየቀኑ ይሆናል።" የምታዩትን ጻፉ፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አትገምቱ። ግምታችሁ ስህተት ከሆነ ያን ዕቃ ብቻ አይተው "ደኅና ነው" ይሏችኋል። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር፣ ቃል ሳትለውጡ፣ በሄዳችሁ ቁጥር ስጡ። ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ከሥሩ "ለዚሁ ችግር ከዚህ በፊት በዚህ ቀን አምጥቼው ነበር" ብላችሁ ጨምሩ። ለአድቫይዘሩ በኢሜይልም ላኩለት፤ ቀኑ በራሱ ይመዘገብላችኋል።

ከመፈረማችሁ በፊት ስክሪኑ ወይም ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የገባበት ቀን፣ የማይሉ ቁጥር፣ የእናንተ አባባል መኖር አለባቸው። "እሱን እኔ አስተካክለዋለሁ፣ እዚህ ብቻ ፈርሚ" ሲሏችሁ፣ አሁን አስተካክልልኝ በሉ። ከኋላችሁ ሰልፍ አለ፣ ሰውየው ይቸኩላል፣ እናንተን ደግሞ ይሉኝታ ይይዛችኋል። እባካችሁ እዚያች ደቂቃ ላይ ይሉኝታውን ተዉት። ሠላሳ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ነገር ላይ ነው የምትፈርሙት።

መኪናውን ስትወስዱ የተዘጋውን ሪፔር ኦርደር ተቀበሉ። ሦስት ነገር ይዟል፤ የእናንተን ቅሬታ፣ ያገኙትን መንስኤ፣ ያደረጉትን ጥገና። ትልቁ ወጥመድ እዚህ ነው፦ ነድተውት ምንም ካላገኙ "ምንም ስላልሠራን ወረቀት የለም" ይላሉ። ያለ ወረቀት አትውጡ። "ችግሩን ማየት አልቻልንም" የሚል ወረቀት የማይጠቅም ይመስላል፣ ግን ወርቅ ነው። አንድ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2001 በሰጠው ውሳኔ ባለቤቱ ማድረግ ያለበት መኪናውን ለጥገና ማቅረብ እንደሆነና፣ ዲለሩ ምንም ባይሠራም ያ አጋጣሚ እንደ ሙከራ እንደሚቆጠር ተናግሯል። ወረቀቱ ከሌለ ግን መሄዳችሁን ማን ያምናል?

ብልሽቱ ዲለር ጋ ሲደርስ የሚደበቅ ዓይነት ከሆነ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ይቅረጽ፣ የፍጥነት ቆጣሪውና የሚበራው መብራት ይታዩ። ከዚያም መካኒኩ አብሯችሁ እንዲወጣና እናንተ እየነዳችሁ እንዲያየው ጠይቁ። የእኔ የተገኘው እንደዚያ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ግቢውን እየዞሩ "ደኅና ነው" ሲሉኝ የነበሩት ሰዎች፣ ሞቆ ሀይዌይ መውጫው ላይ ሲገፈትር መካኒኩ ራሱ ዳሽቦርዱን ያዘ።

ዕቃ ታዞ እስኪመጣ "እየነዳኸው ጠብቅ" ከተባላችሁ፣ ያ ጊዜ ከ30ው ቀን ላይቆጠርላችሁ ይችላል። ለደኅንነት የሚያሰጋ ከሆነ እየነዱ መጠበቁን አትቀበሉ፤ መኪናውን እዚያው አቁማችሁ ምትክ ጠይቁ፣ ያም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

3. ችግሩ የታወቀ መሆኑን ፈትሹ

ኤንኤችቲኤስኤ የሚባለው የፌደራል የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሆነውን የመኪናውን መለያ፣ ቪን፣ አስገቡ፤ ሪኮል (አምራቹ ለደኅንነት ጉድለት መኪናውን ለጥገና የሚጠራበት ማስታወቂያ) ካለ ይወጣል። በሞዴሉና በዓመቱ ስትፈልጉ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ያቀረቡትን አቤቱታና አምራቹ ለዲለሮች የላከውን የጥገና መመሪያ ታገኛላችሁ። አምራቹ ራሱ "ይህ ሞዴል ሲሞቅ ማርሹ ይገፈትራል" ብሎ የጻፈውን አትማችሁ ይዛችሁ ስትሄዱ "ጸባዩ ነው" የሚለው መልስ ያበቃል። የእናንተንም አቤቱታ አስመዝግቡ።

ዘይት ሌላ ጋራዥ ስላስቀየራችሁ ዋራንቲው ፈርሷል የሚላችሁ ካለ አትደንግጡ። ከ1975 ጀምሮ ያለው ማግነሰን-ሞስ የሚባለው የፌደራል የዋራንቲ ሕግ፣ በነፃ እስካልሰጠ ድረስ አምራቹ "እኔ ጋ ብቻ ካልተሠራ" ብሎ ዋራንቲን እንዳያስር ይከለክላል። ደረሰኞቹን ግን አስቀምጡ።

4. ለአምራቹ በአደራ ደብዳቤ ጻፉ

ለዲለሩ ሳይሆን ለአምራቹ ነው። ብዙ ሰው ዲለሩ ካወቀ ኩባንያው ያወቀ ይመስለዋል፤ በሕግ ዓይን የተለያዩ ናቸው። አድራሻው ከመኪናው ጋር በመጣው የዋራንቲ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ሜሪላንድ የመድረሻ ማረጋገጫ ያለው ሰርቲፋይድ ሜይል ትጠይቃለች፤ አምራቹም ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ ለማስተካከል 30 ቀን አለው። በቨርጂኒያ አምራቹ ቀድሞ ካልተነገረው ከ15 ቀን ያልበለጠ አንድ ተጨማሪ ዕድል ይሰጠዋል። ሌላ ስቴት ብትኖሩም በሰርቲፋይድ ሜይል ላኩት።

አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቪን፣ የተረከባችሁበት ቀን፣ ያችው ዓረፍተ ነገር፣ የገባበትና የወጣበት ቀን ከነማይሉ፣ የምትፈልጉት ነገር። የሪፔር ኦርደሮቹን ቅጂ አያይዙ፤ ዋናውን አትላኩ። ስድብም ልመናም አያስፈልግም።

5. ሽምግልና ወይስ ጠበቃ?

አንዳንድ አምራቾች ቢቢቢ አውቶ ላይን በሚባለው ወይም በሌላ ፕሮግራም ነፃ ሽምግልና ያቀርባሉ። ውሳኔውን እናንተ ከተቀበላችሁት አምራቹን ያስረዋል፤ ካልተቀበላችሁት ክስ መሄድ ትችላላችሁ። የዋራንቲ መጽሐፋችሁ "መጀመሪያ ሽምግልና" የሚል ከሆነ መዝለል አይቻልም ይሆናልና አንብቡት።

እኔ ግን በግልጽ ልናገር፤ ሪፔር ኦርደሮቻችሁ ከተሟሉ ወደ ጠበቃ ሂዱ። በብዙ ስቴቶች ሕግም በማግነሰን-ሞስም ስታሸንፉ የጠበቃውን ክፍያ አምራቹ እንዲከፍል ይደረጋል። ስለዚህ በዚህ ብቻ የሚሠሩ ጠበቆች ከኪሳችሁ አስቀድመው አይጠይቁም። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከሚመለስልኝ ገንዘብ ላይ መቶኛ ትወስዳለህ? ብንሸነፍ ወጪውን ማን ይሸፍናል?

በዚህ ጊዜ ሁሉ ሎኑን መክፈል አታቁሙ። ባንኩ ስለ ካምቢዮው አያውቅም፤ መኪናውን ይወስዳል፣ ክሬዲታችሁ ይበላሻል፣ ጉዳያችሁም ይዳከማል። ዲለሩ "ትሬድ ኢን አድርገውና አዲስ ልስጥህ" ሲልም እሺ አትበሉ። የቀረው ዕዳ በአዲሱ ሎን ላይ ይጫናል፣ ችግር ያለበት መኪናም ከእጃችሁ ይወጣል።

6. ስንት ይመለሳል?

ቅድሚያ ክፍያ፣ የከፈላችሁት ወርሃዊ ክፍያ፣ ታክስና የምዝገባ ወጪ ይታሰባሉ፤ የቀረውን ሎን አምራቹ ለባንኩ ይዘጋል። ከዚህ ላይ በደኅና ለነዳችሁበት ይቀነሳል። የካሊፎርኒያ ስሌት ግልጽ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያ ችግር ስታስገቡት የነበረው ማይል ለ120,000 ተካፍሎ በዋጋው ይባዛል። የ36,000 ዶላር መኪና በ6,000 ማይል ከገባ 1,800 ዶላር ይቀነሳል። "እስኪ ልየው" እያላችሁ 18,000 ላይ ካስገባችሁት 5,400 ይሆናል። ሜሪላንድ ደግሞ ለአገልግሎት የሚቀነሰው ከዋጋው 15 በመቶ እንዳይበልጥ ትወስናለች።

ጥቂት ሺህ ዶላር ይዛችሁ መኪናውን እንድታስቀሩ የሚቀርብ ስምምነትም አለ። የሚገፈትር መኪና ልጅ ጭኖ ለሚነዳ ሰው እኔ አልመክረውም። ነፃ የዘይት ለውጥ ወይም የተራዘመ ዋራንቲ ሲሰጧችሁም ከኋላው "ከእንግዲህ አልጠይቅም" የሚል ፊርማ እንዳለ እዩ።

ያገለገለ መኪና ከሆነ

ጠበብ ይላል። ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ማሳቹሴትስ ላገለገለ መኪናም ሕግ አላቸው፤ ኒው ዮርክ ከዲለር ለተገዛና ከ18,001 እስከ 36,000 ማይል ለነዳ 90 ቀን ወይም 4,000 ማይል ዋስትና ትሰጣለች። በሌላው ቦታ ከዲለር ስትገዙ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውን የባየርስ ጋይድ እዩ። "አዝ ኢዝ" (ያለ ዋስትና፣ እንዳለ የሚሸጥ) ካለ ችግሩ የእናንተ ነው ማለት ይቀርባል። የአምራቹ ዋራንቲ ካልተጠናቀቀ ወይም ዲለሩ የጽሑፍ ዋራንቲ ከሰጠ ግን በማግነሰን-ሞስ መጠየቅ ይቻላል፤ ወረቀት አያያዙ አንድ ነው።

ለታክሲ ሥራም የምትጠቀሙበት ከሆነ ለጠበቃው አትደብቁ። ቨርጂኒያ መኪናው በጉልህ ለግልና ለቤተሰብ አገልግሎት መዋሉን ነው የምትጠይቀው፤ ሌላው ስቴትና የዋራንቲ መጽሐፉ ጠበቅ ሊል ይችላል።

7. መኪናውን ስታስረክቡ

የተስማማችሁበት ቼክና የሎኑ መዘጊያ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ቁልፍ አትስጡ። ስልካችሁን ከመኪናው ስክሪን ላይ አጥፉ፣ የመንገድ ክፍያ መሣሪያውን፣ ኢዚ ፓሳችሁን፣ ንቀሉ፣ የማይሉን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ኢንሹራንሱን ለመሰረዝ አትቸኩሉ፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ መጀመሪያ ታርጋው መመለስ ወይም መሰረዝ አለበት፣ አለዚያ ያለ ኢንሹራንስ ቆየ ተብሎ ቅጣት ይመጣል። ታርጋውን የመለሳችሁበትን ደረሰኝም ከሪፔር ኦርደሮቹ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።